የነፋስ ጄኔሬተር ባለ ሸራ ጀልባን ምን ያህል ይጎትታል? እንዲህ አስሉት

ረጅም የባሕር ጉዞ በሚሄዱ ባለ ሸራ ጀልባዎች ኋላ፣ ምሰሶ ላይ የሚሽከረከር የነፋስ ጄኔሬተር ይታያል። ሥራው ባትሪ መሙላት ነው። ጀልባዋን ያዘገያል ብለው የማያስገጥሙት ብዙ ናቸው። እውነት ነው ያዘገያል፤ ግን ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው። እስቲ እናስላው።

መጀመሪያ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩትን ክብ ስፋት አውጡ። ከዳር እስከ ዳር 1.2 ሜትር ከሆነ ግማሹ 0.6 ነው። 0.6 × 0.6 × 3.14 ሲባዛ 1.13 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ቀጥሎ ነፋሱን ለኩ። የሚያስፈልገው የአየር ትንበያው የሚለው ሳይሆን፣ ጀልባዋ እየሄደች ሳለ መለኪያው የሚያሳየው ነፋስ ነው። ወደ ነፋሱ ስትሄዱ ይጨምራል፤ ከኋላ ሲመጣ ይቀንሳል። መለኪያው የሚያሳየው በኖት ነው (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፤ ቁጥሩን ለ2 ብታካፍሉት በግምት ሜትር በሰከንድ ታገኛላችሁ።

አሁን ስፋቱን በነፋሱ ፍጥነት ሁለት ጊዜ አባዙት፣ ከዚያም በ0.05። በ20 ኖት ነፋስ 1.13 × 10 × 10 × 0.05 ይሆናል፤ 5.6 ኪሎ ገደማ ግፊት ማለት ነው። በ10 ኖት ግን 1.4 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ ጄኔሬተሩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ነው። ፍሬን ይዛችሁ ክንፎቹን ብታቆሟቸው ግፊቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ከዚያ አቅጣጫውን እዩ። ነፋሱ ከፊት በ30 ዲግሪ ሲመጣ ከ5.6 ኪሎው 4.9ኙ ወደኋላ ይጎትታል። ከጎን ሲመጣ ጀልባዋን ትንሽ ያዘነብላታል እንጂ ወደኋላ አይጎትትም። ከኋላ ሲሆን ጭራሽ ወደፊት ይገፋል።

4.9 ኪሎ ብዙ ነው? የ12 ሜትር ጀልባ በ6 ኖት ለመሄድ በአስሮች የሚቆጠር ኪሎ ግፊት ትፈልጋለች። ፍጥነት ሲጨምር የውሃው ተቃውሞ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ የምታጡት ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ኖት ቢሆን ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጎተት ባለ ሦስት ክንፍ ፕሮፔለር ከዚህ ይብሳል፤ ፍጥነት የሚያሳስበው ሰው ከዚያ ይጀምር።

የኔ ሥጋት ሌላ ነው፤ መብራቱ። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን ስትሻገሩ ነፋሱ በአብዛኛው ከኋላ ነው። በ15 ኖት ነፋስ፣ በ6 ኖት እየሄዳችሁ፣ ለጄኔሬተሩ የሚደርሰው 9 ኖት ነው። የሚያመነጨው ኃይል ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ለእንዲህ ያለ መንገድ ሶላር መጨመር የግድ ነው።