«ሶዳ ኮቲ»፦ በ61 ዓመቴ ቋንቋ ስማር የሠራኋቸው ስህተቶች

ልጄ ካገባች ሦስት ዓመት ሆናት። አማቼ የቢሾፍቱ ልጅ ነው። ከቤተሰቡ ውስጥ አማርኛ የማይችሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አያቱ። ቤተሰቡ ሁሉ «አኮ» ነው የሚላቸው። አኮ በአፋን ኦሮሞ ሴት አያት ማለት ነው።

በሠርጉ ማግስት አኮ አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙና ረዘም ያለ ነገር ነገሩኝ። መስሎኝ ነበር ምርቃት። «አሜን፣ አሜን» አልኩ። በኋላ አማቼን ምን እንዳሉኝ ስጠይቀው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የመድኃኒቴን ብልቃጥ ማን እንዳነሳው አይተዋል ወይ ብለው ነው የጠየቁዎት» አለኝ።

ጡረታ እንደወጣሁ ደብተር ገዛሁና መማር ጀመርኩ። ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ። ጎበዝ ተማሪ አይደለሁም። ስህተት በመሥራት ግን የሚቀድመኝ የለም። አፋን ኦሮሞም ሆነ ሌላ ቋንቋ በስተርጅና ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ የኔን ስህተት ባትደግሙት ደስ ይለኛል። የራሳችሁን አዲስ ስህተት ሥሩ።

«መጀመሪያ ሰዋስዉን ልጨርስ» ማለት

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ባንክ ቤት ነው። ካሸር ሒሳቧ ሳይገጥም ወደ ቤቷ አትሄድም። አንድ ብር ከጎደለ ማታ ሁለት ሰዓትም ቢሆን ቁጭ ብላ ትፈልጋታለች። ይሄን አመሌን ይዤ ነው ቋንቋ ልማር የገባሁት። አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል ከአፌ ሳይወጣ የግስ እርባታ በሠንጠረዥ ሞላሁ። መስመሩ በማስመሪያ፣ ርዕሱ በቀይ እስክሪብቶ። ደብተሬን ብታዩት ትቀኑ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ አኮ «አካም ቡልታን?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ሠንጠረዡ ውስጥ ነበረ እኮ። ገጹም ትዝ ይለኛል።

ሒሳቡ የሚገጥምበት ቀን የለም። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሰዋስዉ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። እንደኛው ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ፈረንጅ ምላሱ የሚታሰርባቸው ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እኛ አፍ ውስጥ ድሮም አሉ። ሰላምታው ራሱ ቃል በቃል የኛው ነው። «ቡልቴ» ማለት አደርክ ወይም አደርሽ ነው፤ «ኦልቴ» ደግሞ ዋልክ፣ ዋልሽ። ሁለቱም ቋንቋ ሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳለፈ ሳይጠይቅ ወሬ አይጀምርም። ይሄን ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅሁ። ስንት ዘመን የባዕድ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር!

በሰማሁት ልክ በፊደል መጻፍ

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ያዋረደኝ እሱ ነው።

አስተማሪያችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «በቁቤ ጻፉ» ይሉን ነበር። ቁቤ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ይሠራበታል። እኔ ግን «ለራሴ ማስታወሻ ነው» እያልኩ በሀ ሁ ቀጠልኩ። ክርክርም ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ1899 ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ ሲያሳትም በሀ ሁ ፊደል አይደል እንዴ? ነው። ችግሩ ኦነሲሞስ ቋንቋውን አፉን የፈታበት መሆኑ ነው። እኔ አልፈታሁበትም።

ደብተሬ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ጋራ፣ ወደ»። ዝቅ ብሎ «ጋራ፣ ሆድ»። ቀጥሎ «ጋራ፣ ተራራ፣ እንደ አማርኛው»። ሦስት ቃል፣ አንድ አጻጻፍ። ለአኮ ቤት ሰዎች ግን ሦስቱ ፈጽሞ አይገናኙም። «ወደ» የሚለው ሁለቱም አናባቢው አጭር ነው። «ሆድ» መጨረሻው ይረዝማል። «ተራራ» መጀመሪያው ይረዝማል። በቁቤ የሚረዝመው አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ዓይን ይለየዋል። በኔ ደብተር ሦስቱም ተመሳስለው ተሰልፈዋል። አኮ «ይብሉ፣ ይብሉ» እያሉ ሲያጎርሱኝ ሆዴ ጠግቧል ማለቴ ነበር። ተራራዬ መጥገቡን ነገርኳቸው። ለነገሩ መጠኑን ለመግለጽ አላነሰም።

ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ይሄ እንኳን ለኛ አዲስ አይደለም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ገና ነኝ» እንደምንለው። ፊደላችን ይሄን አያሳይም፤ እኛም ቋንቋችን ስለሆነ ከዐውዱ እንገምታለን። በማታውቁት ቋንቋ ግን በምን ትገምታላችሁ?

የሶዳ ታሪክ ከዚህ የመጣ ነው። «ሶዳ» ዳው ሲጠብቅ አማች ነው። ሲላላ ፍርሃት ነው። በፋሲካ ሰሞን የአማቼ ዘመዶች በተሰበሰቡበት፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረግሁ፣ በኩራት «ኢኒ ሶዳ ኮቲ» አልኩ። እሱ አማቼ ነው ማለቴ ነበር። አላጠበቅኩም። እሱ ፍርሃቴ ነው አልኩ። ቤቱ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አኮ እስኪያነቡ ሳቁ። አንድ አጎቱ «ትክክል ነው፣ እኛንም ያስፈራናል» አሉ።

በማግሥቱ ደብተሩን በሙሉ ወደ ቁቤ መገልበጥ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከመጀመሪያው ብሰማ ኖሮ እያልኩ እጄን እያሻሸሁ።

ቁቤን እንደ እንግሊዝኛ ማንበብ

አጭር ነው ግን ይጠቅማችኋል። ቁቤ ሲጻፍ እንግሊዝኛ ይምሰል እንጂ ድምፁ የራሱ ነው። ኤክስ የምንለው ፊደል «ጠ» ነው። ሲ የምንለው «ጨ» ነው። እኔ ይሄን ሳልለምድ በፊት፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አንብቤ «እዚህ ካፌ አላቸው እንዴ?» ብያለሁ። ጽሑፉ «ጨፌ» ነበር የሚለው። የክልሉ ምክር ቤት! ቃሉን እኮ በዜና ስሰማው ኖሬያለሁ። ማኪያቶ አለማዘዜ እግዜር ረድቶኝ ነው።

ከእኩያና ከልጅ ብቻ ተምሮ ሽማግሌ ፊት መቅረብ

መናገር ስጀምር ቃላት የለቀምኩት ከጎረቤት ልጆች ነው። ልጆች ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ አይታክቱም፣ አያዝኑም። የሚያስተምሩት ግን እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ነው። «ኮቱ» ና ወይም ነይ ነው። «ኛዹ» ብላ ወይም ብዪ።

አንድ ቀን የአማቼ አባት ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ቤት ደረሱ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ኮቱ፣ ኛዹ!» አልኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ልጄ ግን ከጀርባቸው ሆና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። በአማርኛ ቢሆን «ና ብላ» እንደ ማለት ነው። አቶ እገሌን፣ ያውም የልጄን አማት!

አክብሮቱ ቀላል ነው። ለብዙ ሰው የሚባለውን ለአንዱ ትልቅ ሰው ትሉታላችሁ። «ኮታ፣ ኛዻ»። «አቲ» አንተም አንቺም ነው፤ «ኢሲን» እናንተም እርስዎም ነው። የጠዋቱም ሰላምታ ለእኩያ «አካም ቡልቴ»፣ ለትልቅ ሰው «አካም ቡልታን»። አኮ ለኔ ለምን «ቡልታን» እንደሚሉ የገባኝ ያኔ ነው። በዕድሜ ሃያ ዓመት ይበልጡኛል፤ የምራታቸው እናት ስለሆንኩ ግን አንቱ ሲሉኝ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ሳላውቅ አንቺ ስላቸው። ይሄን ሳስብ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ተቀራርበን «ኬ»፣ ማለትም «ያንቺ»፣ እያሉ ያወሩኛል፣ እሱም ደስ ይለኛል።

ከጠራሁት አይቀር፣ ያቺ «ዹ» አስቸጋሪ ናት። አማርኛ ውስጥ የለችም። ምላስ ወደ ኋላ ይታጠፍና ድምፁ ወደ ውስጥ እንደ መሳብ ይላል። መስታወት ፊት ተለማመዱ። በር ዝጉ።

አዲስ ነገር ብቻ መፈለግ

ስድስት ወር ያህል ቃላት የምሸመድደው ከወረቀት ነበር። አንድ ቀን ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት «ቱሉ ዲምቱ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ቱሉ ኮረብታ፣ ዲምቱ ቀይ። ቀይ ኮረብታ! በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። አንድም ቀን ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ያወራኝ ጀመር። ገፈርሳ ጎሽ ነው። አሁን ግድብና የከተማ ዳርቻ ሆኖ ጎሽ ከየት ይምጣ፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ኤጀርሳ ወይራ ነው። ለገ ወንዝ ነው፤ ዳዺ ጠጅ ነው። እኛ «ለገዳዲ» ብለን ዹዋን ስላጠፋናት እንጂ፣ የአዲስ አበባ ቧንቧ ውኃ ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ስሙ የጠጅ ወንዝ ነው። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው። ውኃ በሄደብኝ ቀን ሁሉ ይሄን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

እነዚህ ስሞች ሠንጠረዡ በአራት ወር ያላስገባልኝን ሕግም አስገብተውልኛል። አማርኛ «ቀይ ኮረብታ» ይላል፣ ገላጩን አስቀድሞ። አፋን ኦሮሞ «ኮረብታ ቀይ»፣ «ወንዝ ጠጅ» ይላል። ትምህርት ቤት «ማና ባሩምሳ» ነው፣ ቤተ ትምህርት እንደ ማለት። ግዕዙ «ቤተ ክርስቲያን» እንደሚለው። ከዚያ በኋላ ሲምታታብኝ ቱሉ ዲምቱን አስባለሁ፣ ይስተካከላል።

አፋን ራሱ አፍም ቋንቋም ነው። እኛም «አፌን የፈታሁበት» እንላለን። ስትማሩ ደብተራችሁን ዘግታችሁ ታክሲ ውስጥ ረዳቱን ስሙት። የሰፈራችሁን ስም ጠይቁ። ወጪ የለውም።

በአማርኛ ሲመልሱላችሁ እጅ መስጠት

ገበያ ላይ «ሜቃ?» ብላችሁ ዋጋ ትጠይቃላችሁ። ነጋዴዋ አንደበታችሁን ሰምታ «ስልሳ ብር እናቴ» ትላለች። ደግነት ነው፤ ጊዜም የላትም። እኔ ግን በተመለሰልኝ ቁጥር እያፈርኩ ወደ አማርኛ እመለስ ነበር።

አንድ የልመና ዓረፍተ ነገር ብቻ ተማሩ። እኔ «እየተማርኩ ነው፣ በኦሮምኛ ይመልሱልኝ» ማለትን በቃሌ ያዝኩ። ቲማቲም የምገዛባት ሴት አሁን ቁጥር እያስቆጠረችኝ ነው የምትሸጥልኝ። ከተሳሳትኩ አትመዝንም። ወረፋው ይረዝማል፣ ከኋላ ያሉት ይነጫነጫሉ፣ አንዳንዴ እነሱም ገብተው ያርሙኛል።

ዕድሜን ማመካኘት

ይሄንን ብዙም አላስረዝመውም። አዋቂ ሰው ሕግና ቃል ለመያዝ ሲጀምር ከልጅ ይፈጥናል፤ የሚከብደው ንግግሩን እንደ አገሬው ሰው ማድረጉ ነው። ከኔ እንደ አገሬው እንድናገር የጠበቀ ሰው ደግሞ የለም። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያማርራል፣ ምላሴ ግን ደረጃ አይወጣም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለኝ ሰው ግን በቃኝ። ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚለኝ። እንቁላሉ እስኪሄድ መጠበቅ ምን ደስ ይላል? እኔ ገና ሳይሰበር ማገላበጡን ነው የወደድኩት።

ስልኩ ላይ ያለው ነበልባል

ልጄ በየቀኑ ስለማመድ ነበልባል የሚያሳይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በአንድ ወር ውስጥ ቋንቋውን ትቼ ነበልባሉ እንዳይጠፋ መሥራት ጀመርኩ። እኩለ ሌሊት ተኝቼ አንድ ቀላል ጥያቄ መልሼ ነበልባሉን አድን ነበር። አጠፋሁት። አሁን የምለማመደው ከአኮ ጋር በስልክ ነው፣ እሁድ እሁድ።

ያለፈው እሁድ አማቼ እኛ ቤት ነበር። ምሳ በልተን ሽሮውን ጠርጎ እያበቃ ስልኬ ጮኸ። አኮ ናቸው። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ፣ ከተጠየቅኩት ግማሹን መለስኩ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና «ሶዳን ኬ አካም ጂራ?» አሉኝ። ሶዳሽ እንዴት ነው?

ዳዋ ላልታለች። ሆን ብለው ነው ያላሏት። ሰማኋት።

ወደ ትሪው ያጎነበሰውን አማቼን ዞር ብዬ አየሁት።

«ፋያ ዻ» አልኳቸው፤ ደህና ነው።