የጥግ ሆርን ስፒከር ባስ ሲሳሳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ማሸጊያው

ክሊፕሽሆርን በክፍል ጥግ የሚቆም ትልቅ ስፒከር ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው የአሜሪካዊው መሐንዲስ የፖል ክሊፕሽ ሥራ ነው። በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ሆፕ በምትባል ከተማ በ1946 እ.ኤ.አ. ለገበያ መቅረብ ጀመረ። ከሌላው ስፒከር የሚለየው ሳጥኑ ብቻውን ሙሉ አለመሆኑ ነው። ባለ 15 ኢንቹ ዎፈር (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) የሚያወጣው ድምፅ በሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የመጨረሻውን መንገድ የሚሄደው ግን በሳጥኑ ጎንና በቤቱ ግድግዳ መካከል ነው። የሆርኑ፣ ማለትም ድምፁ እየሰፋ የሚወጣበት መንገድ፣ አንዱ ወገን እንጨት፣ ሌላው ወገን የእናንተው ግድግዳ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ባሱ ሲሳሳ አምፕሊፋየር ከመቀየርና ሳብዎፈር ከመግዛት በፊት ግድግዳውን መመርመር ይቀድማል።

ይህ ጽሑፍ ኋላቸው ክፍት ለሆነ ሞዴሎች ነው። ኤኬ6 የተባለው ሞዴል ኋላው በፋብሪካ ስለተዘጋ ከግድግዳ ጋር ማሸግ አያስፈልገውም፤ ጥጉን ግን አሁንም ይወዳል።

ምልክት 1፦ መካከለኛው ባስ አለ፣ የታችኛው የለም

ከበሮ ሲመታ የመዳፉ ጥፊ ይሰማል፣ የከበሮው ሆድ ግን ዝም ይላል። የባስ ጊታር ክሩ ይሰማል፣ ክብደቱ የለም። ድምፁ በጠቅላላው አፍንጫ ውስጥ የገባ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ መንስኤው በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ያለ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቅ የታችኛውን ባስ ብቻ መርጦ የሚሰርቀው በአየሩ ክብደት ምክንያት ነው። በስንጥቁ ውስጥ ያለችው ጥቂት አየር ክብደት አላት። በ300 ኸርዝ (በሰከንድ 300 ጊዜ) ፈጥና መወዛወዝ ስለማትችል ስንጥቁ የተዘጋ ያህል ይሆናል። በ40 ኸርዝ ግን ለመውጣትም ለመግባትም ጊዜ አላት፤ የሆርኑ ግፊትም በዚያው ይተነፍሳል። መጠኑን ለመገመት ይህን ስሌት ያዙ፦ በ1 ሜትር ርዝመት ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በሆርኑ ጎን 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ እንደ መብሳት ቁጠሩት። ግድግዳ ላይ ስናየው ቀጭን መስመር ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል።

ስንጥቁን ለማግኘት ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱንም ሞክሩ፤ አንዱ ያላሳየውን ሌላው ያሳያል።

የመጀመሪያው ባትሪ ነው። ሌሊት መብራት አጥፉና የእጅ ባትሪ በሳጥኑ ጎንና በግድግዳው መካከል ወዳለው የሆርኑ አፍ አስገቡ። ከላይ ቆማችሁ የባስ ሳጥኑ የላይኛው ጠርዝ ግድግዳውን የሚነካበትን መስመር ተመልከቱ። ብርሃን ከታየ አየርም ይወጣል።

ሁለተኛው የዕጣን ጭስ ነው። በስልክ ላይ ባለ የድምፅ ማመንጫ አፕ 40 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ ላኩ። ይህ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 104 ዴሲቤል ያህል ስለሚሰጥ ድምፁን ከተራ ንግግር በላይ ማድረስ አያስፈልግም፤ ረጅም ጊዜ በኃይል ማጮህ ዎፈሩን ይጎዳል። የሚጨስ ዕጣን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ በድንገት የሚበተንበት ቦታ ስንጥቁ ነው። ፍሙን ከስፖንጁና ከእንጨቱ አርቁት። ጭስ የማይስማማችሁ ከሆነ በጣም የሳሳ የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠልጥላችሁ ተጠቀሙ።

ሦስተኛው መለካት ነው። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ ፕሮግራምና ተራ የዩኤስቢ መለኪያ ማይክሮፎን ይበቃሉ። ማይኩን በምትቀመጡበት ወንበር ላይ በጆሮ ከፍታ አቁሙና ከ20 እስከ 400 ኸርዝ ለኩ፤ አንዱን ስፒከር ለብቻው፣ ቀጥሎ ሌላውን። ማይኩ ከማሸጉ በፊትና በኋላ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ግማሽ ሜትር ከተንቀሳቀሰ የምታዩት ለውጥ የክፍሉ እንጂ የማሸጉ አይደለም።

መፍትሄው፦ ማሸግ

መጀመሪያ ጥጉን ለኩ። ከጥጉ ጀምራችሁ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ከበለጠ ጥጉ ተከፍቷል፦ የሳጥኑ የኋላ ጫፍ ጥጉን ይነካል፣ ወደ ፊት ሲመጣ ግን ከግድግዳው ይርቃል። ካነሰ ደግሞ የፊቱ ጠርዝ ቀድሞ ግድግዳውን ይነካና የኋላ ጫፉ ጥጉ ሳይደርስ ይቀራል። የ2 ዲግሪ ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ከጥጉ 75 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ግን 2.6 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይሆናል። ሳጥኑን አማክላችሁ ብታስቀምጡት በየጎኑ 1.3 ይደርሰዋል። ልስን ጥሩ ባልሆነበት ቤት ይህ የተለመደ ነው፤ ግድግዳውም ከላይ እስከ ታች አንድ ላይሆን ስለሚችል ልኬቱን በወለልና በባስ ሳጥኑ አናት ከፍታ ሁለት ጊዜ ውሰዱ።

የማሸጊያው ምርጫ ወሳኝ ነው። አየር የማያሳልፍ፣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ያልተገናኙ ስፖንጅ መሆን አለበት። ፍራሽ ላይ ያለው ዓይነት ለስላሳ ስፖንጅ አይሆንም፤ በአፋችሁ ስትነፉበት ትንፋሹ በሌላ በኩል ከወጣ ባሱም ይወጣል። በደንብ የሚሠራው ለሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚለበሰው፣ ጎኑ የተሰነጠቀው ክብ ስፖንጅ ነው። ለ22 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የተሠራው፣ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ 19 ሚሊ ሜትር በሆነ የእንጨት ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል። ለኋላው ቋሚ ጫፍ ግን በራሱ ማጣበቂያ ያለው የበርና የመስኮት ጎማ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል። በአጠቃላይ ለአንድ ስፒከር 4 ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ ለሁለቱ 10 ሜትር ግዙ።

ውፍረቱን የምትመርጡት በትልቁ ክፍተት ነው፦ ያልተጨመቀው ስፖንጅ የክፍተቱን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን። 1.3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ከ2 እስከ 2.6 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ብታደርጉት ሳጥኑን ከጥጉ ወደ ፊት ይገፋውና በሌላ ቦታ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል።

1. አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ ሽቦውን ንቀሉ። ስፒከሩ ወደ 80 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሁለት ሰው ሁኑ። የላይኛው ክፍል የሚለይ ከሆነ ለብቻው አንሱት።
2. የድሮውን የደረቀና የተሰባበረ ስፖንጅ ፍቃችሁ አውጡ። እንጨቱን በጥቂት አልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ፤ አቧራ ላይ የተለጠፈ ማጣበቂያ ይለቃል። የተቀባውን የፊት ገጽታ አልኮሉ እንዳይነካው ተጠንቀቁ።
3. መጀመሪያ የኋላውን ቋሚ ጫፍ፣ ቀጥሎ ግድግዳ የሚነኩትን ሁለት የላይ ጠርዞች፣ በመጨረሻ ሁለቱን የታች ጠርዞች አልብሱ።
4. ሦስት ስፖንጅ የሚገናኝበትን ቦታ፣ በተለይ የኋላውን ጫፍ አናት፣ በ45 ዲግሪ ቆርጣችሁ ግጠሙ። አብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጠርዞቹ ሁሉ ታሽገው ጥጉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቀዳዳ ትቀራለች።
5. ስፖንጁን ሳጥኑ ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ አትለጥፉ። ነገ ስታንቀሳቅሱት ቀለሙን ይዞ ይነሳል።
6. ሳጥኑን አንዱ ሰው በግራ ሌላው በቀኝ ሆናችሁ እኩል ወደ ጥጉ ግፉ፤ ከዚያ የባትሪውን ፍተሻ ድገሙ።

ከላይና ከታች ያለው ስንጥቅ ከኋላው ጫፍ ስንጥቅ የበለጠ ይጎዳል። በኋላ ጫፉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መንገዶች ግፊታቸው እኩል ስለሆነ በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው፤ በላይና በታች ግን በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ጊዜ ያጠራችሁ እንደሆነ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሩ።

ምልክት 2፦ ሳጥኑ ታች ላይ አልገባም ይላል

መንስኤው ዞኮሎ ነው፤ ወለሉና ግድግዳው ሲገናኙ የሚለጠፈው ጠርዝ። 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዞኮሎ ሙሉውን ሳጥን በዚያው መጠን ከግድግዳው ያርቀዋል። አንዳንዶች የሳጥኑን እንጨት ይቆርጣሉ፤ ይህን አንመክርም። ዞኮሎ በቀላሉ ይተካል፣ የድሮ ክሊፕሽሆርን ሳጥን ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ። ከጥጉ በሁለቱም በኩል ሳጥኑ የሚያርፍበትን ያህል የዞኮሎውን ክፍል ንቀሉና አስቀምጡት፤ ስትለቁ መልሳችሁ ትለጥፉታላችሁ። ቤቱ ኪራይ ከሆነና መንካት ካልተቻለ ብቻ ወፍራም ስፖንጅ ተጠቀሙ።

ምልክት 3፦ አንዱ ስፒከር ባስ አለው፣ ሌላው የለውም

ስፒከሮቹን ቦታ አለዋውጡ። ደካማው ድምፅ ከስፒከሩ ጋር ከሄደ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ እዚያው ጥግ ከቀረ ግድግዳው ነው።

ሳጥኑ ከሆነ የዎፈሩን ክፍል የሚዘጋውን ክዳን መርምሩ። ዎፈሩ ከኋላው ሙሉ በሙሉ በታሸገ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ የኖረ ከሆነ ስፖንጁ ተጨፍልቋል ወይም አንዱ ብሎን ላልቷል። አዲስ የ3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ለጥፉና ብሎኖቹን ተቃራኒ ተቃራኒውን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። እንጨቱ ውስጥ የሚሽከረከር ብሎን ካለ ቀዳዳውን በሙጫና በእንጨት ስንጣሪ ሙሉና አድርቃችሁ መልሱት።

ጥጉ ከሆነ ከስፒከሩ ጎን በር፣ መስኮት ወይም ቁም ሣጥን መኖሩን ተመልከቱ። ግድግዳው ከጥጉ በየአቅጣጫው ቢያንስ 1.2 ሜትር ያህል ያለ ክፍተት መሄድ አለበት። ካልሄደ የራሳችሁን ጥግ ሥሩ፦ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) ወይም ኮምፔርሳቶ ሁለት ሰሌዳ፣ ስፋታቸው 1.2 ሜትር፣ ቁመታቸው ከባስ ሳጥኑ አናት ትንሽ የሚያልፍ፣ በ90 ዲግሪ የተጋጠሙ። ከኋላቸው በየ40 ሴንቲ ሜትሩ የ5 በ10 ሞራሌ አቁሙ፤ ያለ እሱ ሰሌዳው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ባሱን ይበላዋል።

ምልክት 4፦ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጫወቱ ባሱ ይጠፋል፣ አንዱ ብቻውን ሲሆን ይመለሳል

ይህ የማሸግ ጉዳይ አይደለም፤ በአንዱ ስፒከር ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገልብጧል። አንዱን ብቻ ገልብጡና ስሙ፤ ባሱ በሚበረታበት ተዉት።

ምልክት 5፦ አንድ ኖታ ይጮኻል፣ ጎረቤቱ የለም

ይህ የክፍሉ ሥራ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ፣ 5 ሜትር ያለው 34 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ያስተጋባል፤ ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ደግሞ እነዚህን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ብትለኩት ከማሸጉ በኋላ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል፣ ባሱ አሁን ስለመጣ። ወንበራችሁን ከክፍሉ እኩሌታና ከኋላው ግድግዳ አርቁ፤ 40 ሴንቲ ሜትር እንኳ ብዙ ይለውጣል።

ምልክት 6፦ ሁሉም ታሽጎ አሁንም ቀጭን ነው

ግድግዳውን በቡጢ መታ መታ አድርጉ። በብሎኬት ተሠርቶ የተለሰነ የአዲስ አበባ ግድግዳ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ለዚህ ስፒከር ጥሩ ነው። የአሜሪካ አፓርታማ ጂፕሰም ቦርድ ግን እንደ ከበሮ ይመልሳል፤ ባሱም ሰሌዳውን ለማንቀጥቀጥ ይባክናል። በጥጉ ላይ ሁለተኛ ንብር ጂፕሰም በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ከቋሚው እንጨት ጋር ማሰር፣ ካልተቻለም ከላይ የተገለጸውን ሰሌዳ ማቆም ነው።

ኢኩዋላይዘር ላይ የታችኛውን ባስ መጎተት ግን አትሞክሩ። ሆርኑ ከ33 ኸርዝ አካባቢ በታች ዎፈሩን መያዝ ያቆማል፤ እዚያ የምትጨምሩት ኃይል ድምፅ ሳይሆን የዎፈር መወርወር ብቻ ይሆናል።

ስፖንጁ ተጨምቆ ሲቆይ ይሞታል፤ በሙቀትና በፀሐይ አጠገብ ደግሞ ቶሎ። በየዓመቱ አንድ ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ ባትሪውን አስገቡ፤ ብርሃን የታየበትን ቁራጭ ብቻ ቀይሩ።