ለሕፃናት ካንሰር መሮጥ፦ ለድሬዳዋ ተማሪ ተወዳዳሪዎች የገቢ ማሰባሰቢያ መመሪያ

በሕፃናት ካንሰር ስም ሩጫ የምታዘጋጁ ተማሪዎች ዋናው ሥራችሁ የሚሠራው በውድድሩ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት እያንዳንዱ ሯጭ ወደ ዘመድና ወደ ጎረቤት እየሄደ «በምሮጠው በእያንዳንዱ ዙር ይህን ያህል ብር ቃል ይግቡልኝ» ብሎ በሚጠይቅባቸው ደቂቃዎች ነው። ገንዘቡም ግንዛቤውም የሚገኘው ከዚያ ንግግር ስለሆነ ከሁሉ በላይ የምትዘጋጁበት እርሱን ነው።

ቀን ስትመርጡ፣ መስከረም በዓለም ዙሪያ የሕፃናት ካንሰር ወር ተብሎ በወርቃማ ሪባን ቢታሰብም፣ በእኛ ዘንድ ትምህርት ገና የሚከፈትበትና የድሬ ሙቀት ያልበረደበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፉን የሕፃናት ካንሰር ቀን እመርጣለሁ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ የካቲት 8 ላይ ይውላል። በሥራ ቀን ከዋለ የሚቀርበውን ቅዳሜ ውሰዱ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሱ፣ ውኃም አታጉድሉ። የከዚራ ጎዳናዎች ጥላ ቢያጓጓም ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሩጡ፤ መንገድ ለማዘጋት የከተማ አስተዳደርና የትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ዙር መቁጠርም በሜዳ ላይ ይቀላል።

አንድ ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በጽሑፍ ይወሰን። ርእሰ መምህሩ በፈረሙበትና ማኅተም ባለበት ደብዳቤ በሕግ ለተመዘገበ ድርጅት ጻፉ። በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ባረፈው ሕፃን የተሰየመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲና በወላጆች የተመሠረተው ተስፋ አዲስ ለዚህ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። በደብዳቤው ገንዘቡ ለምርምር፣ ለሕክምና ወይስ ለማረፊያና ለመጓጓዣ እንደሚውል ጠይቁ፤ የሚሰጣችሁን መልስ ሳትለውጡ ለደጋፊዎቻችሁ ንገሩ። ለማረፊያ የሚውልን ገንዘብ ለምርምር ነው ብሎ መሰብሰብ፣ ዓላማው ቅን ቢሆንም፣ እውነት አይደለም።

ደጋፊዎች «ምርምሩ ምን ያደርጋል?» ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር መልሱን አስቀድማችሁ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባሉ የቦስተን ሐኪም የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት በመድኃኒት ለጊዜው ሊያገግሙ እንደሚችሉ አሳዩ፤ ከዚያ በፊት ሕመሙ ሕፃናትን በወራት ውስጥ ይገድል ነበር። ከዚያ ወዲህ በተካሄደው ምርምር ዛሬ በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመረው ጥረት በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ እንዲድኑ ያለመ ነው። በአገራችን ምርምር ማለት አዲስ መድኃኒት መፈልሰፍ ብቻ አይደለም። ሕሙማንን በትክክል መመዝገብና ቤተሰቦች ሕክምናን ለምን እንደሚያቋርጡ ማጥናትም ምርምር ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚበዛው የደም ካንሰር ሕክምና ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ከድሬዳዋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ ላለበት ወላጅ ይህ ጥያቄ የልጁ ሕይወት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ እንመለስ። እያንዳንዱ ሯጭ የደጋፊ ስም፣ ቃል የተገባ ብርና ፊርማ የሚጻፍበት ካርድ ይያዝ። 30 ሯጮች እያንዳንዳቸው 10 ደጋፊ አግኝተው፣ እያንዳንዱ ደጋፊ ለአንድ ዙር 10 ብር ቃል ቢገባና ሁሉም 10 ዙር ቢሮጡ 30,000 ብር ይሰበሰባል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ለካንሰር ሕሙማን ሕፃናት 10 ዙር እሮጣለሁ፤ ለአንድ ዙር 10 ብር ቃል ይግቡልኝ» ብሎ ከጠየቀ በኋላ አንድ የሕመም ምልክት ይንገር፣ አንድ ብቻ፤ ብዙ ከነገረ አንዱም አይያዝም። ለዚህም ምልክቶቹን ለሯጮቹ አከፋፍሉ፤ የያዘውንም ምልክት እያንዳንዱ በሩጫው ቀን ጀርባው ላይ በትልቁ ጽፎ ይሩጥ። አንዱ ምክንያቱ ያልታወቀ የማይለቅ ትኩሳት፣ ሌላው የፊት መገርጣትና ያለ ምክንያት መድማት፣ ሌላው የሚያነክስ የአጥንት ሕመም፣ ሌላው የሆድ ማበጥ፣ ሌላው ጠዋት ጠዋት ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ይያዝ። በስልክ ፍላሽ ፎቶ ሲነሳ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ መታየቱም አይቅር፤ እናቶች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዩት እርሱን ነውና። ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ቢሆን በከተማችን ሳይነበብ የሚቀር አይኖርም።

ካንሰር እንደማይተላለፍ ሳትናገሩ አትለፉ። ጸበል ወይም ዱዓ የሚሻውን ቤተሰብ አትንቀፉ፤ ከዚያ ጋር ልጁን ሳይዘገዩ ወደ ድል ጮራ ወይም ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል እንዲወስዱት አክብራችሁ ምከሩ። የታመመ ልጅ ፎቶ በፖስተር ላይ አትለጥፉ፤ ቤተሰቡ ቢፈቅድም እንኳ ልጁ አድጎ ሊያዝንበት ይችላል።

ስለ ገንዘቡ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት በተሳተፍኩበት አንድ ሩጫ የተሰበሰበው ብር መጠን ሳይነገር ቀረ፤ በዓመቱ ያው ሰፈር በሩን ዘጋብን። ስለዚህ ብሩን በግል ሂሳብ አትቀበሉ፤ በባንክም ሆነ በቴሌብር በቀጥታ በድርጅቱ ስም ይግባ። በእጅ የተሰጠውን መምህር፣ ወላጅና ተማሪ ሆነው ሦስት ሰዎች ቆጥረው በዕለቱ ይፈርሙበት። ቃል የተገባው ሩጫው ካለቀ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሰብሰብ፤ ከዚያ ካለፈ ለመጠየቅም ለመስጠትም ይከብዳል። ደረሰኙ ሲመጣ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ መጠኑ ይነበብ፣ ቅጂው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ሯጮቹም ካርዳቸውን ይዘው ወደ እያንዳንዱ ደጋፊ ተመልሰው ስንት ዙር እንደሮጡና ገንዘቡ መድረሱን ይንገሩ።