ከሚዛኑ እስከ በር ላይ ሱቅ፦ የትምህርት ቤት ነርስ የልጆችን ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዴት ትከላከላለች?

ጎንደር ላይ የልጆች ውፍረት ሲነሳ ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። ስንት ልጅ በምግብ እጥረት በሚቀነጭርበት ክልል ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን መቀንጨርና ውፍረት በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴ በአንድ ቤት፣ አልፎ ተርፎም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ። በጨቅላነቱ ቀንጭሮ ቁመቱ ያጠረ ልጅ ኋላ ላይ ብስኩት፣ ቺፕስና ለስላሳ ሲበዛበት ክብደቱ ከቁመቱ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ነርሷ ሚዛን የምታወጣው ወፍራም ልጅ ለማደን ሳይሆን የሁሉንም ልጅ ዕድገት ለመከታተል ነው። ይህ ካልተያዘ ቀሪው ሥራ ሁሉ ይበላሻል።

ሥራው የማን ነው? አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ነርስ አላቸው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ከጤና ጣቢያ የሚመጡት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሠሩታል፤ ፕሮግራሙ በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ለሥራው የተመደቡትም በነርስነት የሠለጠኑ ነበሩ። ነርስን ከሆስፒታል አውጥቶ ሰፈርና ትምህርት ቤት ማስገባት ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒቴሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) ጎን የማኅበረሰብ ነርሶችን ሲያሠለጥን ነበር።

፩. ፈቃድና ቦታ

ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ይነጋገሩ፤ ለወላጆችም አጭር ደብዳቤ ይላኩ። ደብዳቤው ላይ «ውፍረት» የሚል ቃል አያስፈልግም፤ «የዕድገት ክትትል» ይበቃል፣ እውነቱም እሱ ነው። ከዚያ በር የሚዘጋ ክፍል ይጠይቁ። ልጆችን በሰልፍ አቁሞ ክብደታቸውን ጮክ ብሎ መጥራት ለአንድ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል የማይለቅ ቅጽል ስም ማውጣት ነው።

፪. ልኬት

ሚዛኑን ስሚንቶ ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይዋሻል። ጠዋት ጠዋት በአንድ የተወሰነ፣ አሥር ሊትር ውሃ በተሞላ ጀሪካን ይፈትሹት። የውሃው ክብደት አሥር ኪሎ ነው፤ የባዶውን ጀሪካን ደግሞ አስቀድመው መዝነው ያውቁታል፤ ቁጥሩ ከትናንቱ ከተለየ ችግሩ ከሚዛኑ ነው። ልጁ ጫማና ሹራብ ያውልቅ፣ ኪሱንም ያራግፍ። ከአንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ኪስ ስንት ብይና ጠጠር እንደሚወጣ ያላየ አያምንም።

ቁመት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሜትሩን ከወለሉ ጀምረው ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ዞኮሎ ያለበት ግድግዳ አይሆንም፤ ተረከዝን ያርቃል። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ይንኩ፤ ዓይን ፊት ለፊት ይመልከት። ከዚያ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናት ላይ አስተኝተው ፀጉሩን እስኪጫን ዝቅ ያድርጉና እስከ ሚሊ ሜትር ያንብቡ። ሹሩባዋ አናቷ ላይ የተጠቀለለ ልጅ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በነጻ ታገኛለች። በኋላ ክብደቱ የሚካፈለው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ስለሆነ ይህች ትርፍ ውጤቱን ታሳስታለች። ስለዚህ የልኬቱን ቀን ቀደም ብለው ይንገሩ፤ እናት ያን ሰሞን ፀጉሩን ወደ ኋላ ትሠራዋለች።

ዕድሜ ሌላው ፈተና ነው። ልኬቱ የሚነጻጸርበት የዕድገት ሠንጠረዥ ዓመትና ወር ይጠይቃል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ እናትን «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክርስትና የተነሣው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የተወለደበትንም የዛሬውንም ቀን በአንድ የዘመን አቆጣጠር ይያዙ፤ አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል።

፫. ቁጥሩን ማንበብ

ክብደቱን በኪሎ ግራም፣ በሜትር የተለካውን ቁመት በራሱ አባዝተው ለተገኘው ያካፍሉ። የአሥር ዓመት ልጅ 42 ኪሎ ቢመዝንና ቁመቱ 1.38 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 22 ገደማ ነው። ለአዋቂ 22 የሚያስመሰግን ቁጥር ነው። ለልጅ ግን የአዋቂዎቹ የክብደትና የውፍረት ወሰኖች፣ 25 እና 30፣ አይሠሩም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ያወጣው ሠንጠረዥ ነው የሚያገለግለው። የሠንጠረዡ መስመሮች ልጁ ከእኩዮቹ መካከለኛ ቁጥር ምን ያህል ወደ ላይ (+) ወይም ወደ ታች (−) እንደራቀ ያሳያሉ። በዚያ ሠንጠረዥ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ የ+1 መስመር 18.5፣ የ+2 መስመር ደግሞ 21.4 ነው። ከ+1 በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ+2 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ ስለዚህ ይህ ልጅ ሁለተኛውን አልፏል። እኩያው የሆነች ሴት ልጅ ያው 22 ቢኖራት ግን መስመሮቿ 19.0 እና 22.6 ስለሆኑ ገና በመካከል ናት። ለወንድና ለሴት የተለየ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ከ−2 በታች የወረደ፣ ማለትም እጅግ የከሳ ልጅም ያው ትኩረት ይገባዋል፤ እሱን ረስቶ ወፍራሙን ብቻ መጥራት ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል።

አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጡንቻው የዳበረ ወይም ወደ ጉርምስና የገባ ልጅ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ዋናው ነገር መስመሩ ከዓመት ወደ ዓመት ወዴት እንደሚሄድ ነው።

፬. ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

በልጁ ደብተር ማስታወሻ አይላኩ፤ ጓደኞቹ ያነቡታል። ስልክ ደውለው ወላጅን ይጥሩ፤ በቤቱ ምግብ የምትሰጠው አያት ከሆነች እሷም ትምጣ።

«ሲስተር፣ ልጁ ተመችቶት እኮ ነው! ምን ሆነ ትይኛለሽ?» ትላለች አያት።

«እማማ፣ አልታመመም። ቁመቱ እስኪደርስበት ክብደቱ ባለበት ይቆይ ነው የምልዎት።»

ይህ ማባበያ አይደለም። በማደግ ላይ ላለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ክብደት መቀነስ ሳይሆን ክብደቱ ጋብ ብሎ ቁመቱ እንዲቀድም ነው። ስለዚህ እንጀራ አይከለከልም፣ ቁርስ አይዘለልም። ቤተሰቡ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ መርጦ ይሂድ፦ ለስላሳው ለበዓል ብቻ ይሁን፣ የሻዩ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ይውረድ፣ ወይም ስልኩ ከመኝታ በፊት ይቀመጥ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 የሆኑ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ይርበዋል። ለውጡ የመላው ቤት ይሁን፤ ወንድሙ ፊት ለፊቱ ለስላሳ እየጠጣ እሱ ውሃ ከተሰጠው ቅጣት ነው።

ጾም ሲመጣ ጉዳዩ በራሱ የሚፈታ የሚመስላቸው አሉ። ለስላሳም፣ ቺፕስም፣ በዘይት የተጠበሰ ፓስቲም የጾም ምግብ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ልጁ ይጹም አይጹም የሚለው የቤተሰቡና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ የነርሷ ድርሻ ምሳ ዕቃው ውስጥ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ድንች ወይም ሙዝ እንዲገባ ማሳሰብ ነው።

፭. ግቢውና በሩ

ልጁን ብቻ መምከር ከንቱ ድካም ነው፤ ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ለስላሳና ከረሜላ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ባለ ሱቁን ሄደው በአክብሮት ያነጋግሩት። «አትሽጥ» ቢሉት አይሰማም፤ «ሙዝና የሽምብራ ቆሎ ከፊት፣ ለስላሳውን ከኋላ አድርገው» ቢሉት ሊሞክረው ይችላል። ግቢ ውስጥ ያለውን መሸጫ ግን ርዕሰ መምህሩ ማዘዝ ይችላል፤ ለስላሳ እንዳይገባና የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ እንዲኖር ይጠይቁ። ውሃ ከሌለ ምክሩ ሁሉ ባዶ ነው።

ለጤና ክበቡ ይህን ያሳዩ፦ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። አንድ ተማሪ በሻይ ማንኪያ ሰባት ጊዜ እየቆጠረ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምር፤ ሌላው በሚኒ ሚዲያ ይናገር። ከእርስዎ የአንድ ሰዓት ንግግር ይህ ይሻላል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ዓለም አቀፉ ምክር በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። ጎንደር ዳገቷ ብዙ ነው፤ በእግር የሚመላለስ ልጅ ሳያስበው ይህን ሊያሟላ ይችላል። ዛሬ ግን ወላጅ ልጁን ብቻውን መልቀቅ ይፈራል፣ ባጃጅም በር ድረስ ያደርሳል፤ ይህን ፍርሃት መንቀፍ ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ እንቅስቃሴው ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞና አባሮሽ ገንዘብ አይጠይቁም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ በሒሳብ ማካካሻ እንዳይወሰድ ይከራከሩ፤ ሩጫም ቅጣት አይሁን።

፮. ወደ ጤና ጣቢያ መላክ

አንገቱ ዙሪያ ቆዳው የጠቆረና የወፈረ፣ ሌሊት አጥብቆ የሚያንኮራፋና ክፍል ውስጥ የሚተኛ፣ ውሃ ጥሙና ሽንቱ የበዛ፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን እያመመው የሚያነክስ ልጅ ሳይዘገይ ይታይ። ወፍሮ ቁመቱ የቆመ ልጅም የሆርሞን ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል። ጤና ጣቢያው ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልካል። የሚሳለቁበት ወይም ምግብ እየደበቀ የሚበላ ልጅ ካለ ደግሞ ከክፍል ኃላፊው ጋር በዚያው ሳምንት ይነጋገሩ።

ልኬቱን በጥቅምት ከወሰዱ በሰኔ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ይድገሙት። መዝገቡ ላይ በስም ፈንታ የተማሪውን መለያ ቁጥር ይጻፉ፤ አንዱ ቅጂ ቁልፍ ባለው ሣጥን፣ ሌላው ጤና ጣቢያ ይቀመጥ። እርስዎ ቢዛወሩ ተተኪዋ በመስከረም ከባዶ ወረቀት አትጀምርም።