በቤት የተሠራ ስክሮል ሶው ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሐረግ ወይም የመስቀል ቅርጽ ከጣውላ ፈልፍሎ ማውጣት የሚወድ ሰው ውሎ አድሮ ስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጩ እየወጣና እየወረደ ጥምዝ መስመር የሚቆርጥ መጋዝ) ያምረዋል። ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ ራሱ ይሠራዋል። እዚህ የማወራው ብዙዎቻችን ስለምንሠራው ዓይነት ነው፦ ከኋላ በቡሎን የታሰሩ ሁለት ክንዶች፣ ከፊት በመካከላቸው የተወጠረ ምላጭ፣ የታችኛውን ክንድ በቢየላ (ዙሩን ወደ ላይና ወደ ታች እንቅስቃሴ በሚቀይር ዘንግ) የሚያንቀሳቅስ ሞተር። የኔው ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የወቀስኩት ሞተሩን ነበር፤ ቀጥሎ ምላጩን። ጥፋቱ ግን ክንዶቹ ጋ ነበር፤ የሌሎችን ማሽን ስፈታም ብዙ ጊዜ ያገኘሁት እዚያው ነው።

ማሽኑ መሥራት ከሚያስፈልግበት ሙከራ በቀር፣ ከታች ያለውን ሁሉ ስትሞክሩ ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ ይሁን።

ምላጭ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል

መጀመሪያ የተበጠሰበትን ቦታ እዩ። የምላጩ መያዣ ሥር ከሆነ መያዣው ከክንዱ ጋር ድርቅ ብሎ ታስሯል ማለት ነው። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ምላጩ እዚያች ነጥብ ላይ ይታጠፋል፤ ሽቦ እያጠፍን እንደምንበጥሰው። መያዣው በራሱ ፒን ላይ እንደልብ መወዛወዝ አለበት።

መሀሉ ላይ ከተበጠሰ ወይ ምላጩ ዶልዱሟል፣ ወይ እንጨቱን በኃይል እየገፋችሁ ነው፣ ወይ ውጥረቱ ይለዋወጣል። የመጨረሻውን ለማወቅ ፑሌጃውን (ቢየላው የተያዘበትን ተሽከርካሪ ጎማ) በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩና ምላጩን ላይ፣ መሀልና ታች ሲደርስ እንደ ክራር ክር ነካ አድርጉት። ሦስቱም ቦታ ቃናው አንድ ከሆነ ክንዶቹ ደህና ናቸው። አንዱ ቦታ ጥርት ብሎ ሌላው ቦታ ከላላ ልኬቱ ተሳስቷል። ከኋላ ባሉት ሁለት ቡሎኖች መሀል ያለው ርቀት፣ ከፊት የላይና የታች መያዣዎች በሚወዛወዙባቸው ፒኖች መሀል ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ምላጩ 127 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው ኋላውንም 127 ያደርገዋል። የሚለካው ግን ከፒን እስከ ፒን ነው እንጂ ምላጩ አይደለም። የክንዶቹም ርዝመት እኩል ይሁን፤ ሁለቱን ደርባችሁ ባንድ ጊዜ በትራፓኖ ብትበሷቸው ስህተት አይገባም።

ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው ይሄዳል

የኔ የመጀመሪያው ከግድግዳው ተነስቶ በር ጋ ደርሶ ነበር። እኛ አገር «ብረት ካልሆነ አይጠነክርም» የሚል ልማድ አለ፤ እኔም ክንዶቹን ከወፍራም ቱቦላሬ በየድኳቸው። ከባድ ክንድ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫ ሲቀይር የሚያመጣው ምት ቀላል አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ክንዱን ከደረቀ ዋንዛ ሥሩት፤ የሚከብደው መሠረቱ ይሁን።

ቀጥሎ የምላጩን ምልልስ (ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው የሚሄደውን ርቀት) ለኩ። 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ቢየላው የተያዘው ከክንዱ እኩሌታ ላይ ከሆነ፣ ፑሌጃው ላይ የተተከለው ቡሎን ከመሀሉ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራቅ፤ ቢየላው 10 ሲንቀሳቀስ የክንዱ ጫፍ 20 ይንቀሳቀሳል። ይህን ሳያስቡ 10 አድርገው 40 ሚሊ ሜትር የሚዘል ማሽን የሠሩ አሉ። ከቡሎኑ ተቃራኒ በኩል ፑሌጃው ላይ ትንሽ ክብደት ማሰርም ይረዳል።

ድምፁ ቀጭ ቀጭ ከሆነ የኋላው ቀዳዳ ሰፍቷል። ቡሎን በባዶ እንጨት ውስጥ አይቆይም፤ ኩሽኔታ ክተቱበት። ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌም ቢሆን ካልተንገጫገጨ ይሠራል።

እንጨቱ ከምላጩ ጋር ይዘላል

ጥርሱ ተገልብጦ ይሆናል። ጣታችሁን በስሱ ከታች ወደ ላይ አስኬዱት፤ ከያዛችሁ ጥርሱ ወደ ታች ነው፣ ትክክል ነው።

ምላጩ ከመያዣው ይሾልካል

አዲስ ምላጭ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ ጫፉን ጥረጉት። የሚያጠብቀው ቡሎን ጫፉ ክብ ከሆነ በሞረድ ደልድሉት። ጫፉ ላይ ፒን ያለውን ምላጭ መርጦ መገላገል ይቻላል፤ ግን ፒኑ የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ለጥቃቅን ሐረግ አይሆንም።

መስመር ይስታል፣ ቁርጡ ያጋድላል

ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሸሽ ከሆነ ማሽኑን አትፍቱ። በብዙ ምላጮች አንደኛው ጎን ከፋብሪካው ሻካራ ሆኖ ስለሚወጣ ወደዚያ ይስባል፤ እንጨቱን ትንሽ ሰያፍ አድርጎ መግፋት ነው።

ቁርጡ ካጋደለ ግን እንጨቱ የሚያርፍበት ገበታ ለምላጩ ቀጥ አላለም። ወፍራም እንጨት ጠርዙን በስሱ ቁረጡ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ እንጨቱን አዙራችሁ ከምላጩ ጀርባ አምጡት። ምላጩ ከቆረጠው መስመር ውስጥ ሳይታገል ከገባ ገበታው ልክ ነው።

እንጨቱ ይጠቁራል

ምላጩን ቀይሩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። ከላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጥፎ መቁረጥም ቃጠሎውን ይቀንሳል።

ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም

ቺንጊያውን አውጡና ሞተሩን ብቻውን ሞክሩት። ከተነሳ የታነቀው ክንዱ ወይም ቢየላው ነው። ካልተነሳ፣ በደቂቃ 1400 ገደማ የሚዞረው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ከሆነ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘውን ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ) ጠርጥሩ፤ ሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ በባዶ እጅ አይነካም። የልብስ ማጠቢያ ሞተር የገጠማችሁ ከሆነ ደግሞ ያለ ፍጥነት መቆጣጠሪያ በባዶው አታስነሱት፤ በደቂቃ ከአሥር ሺህ ዙር ሊያልፍ ይችላል፣ ፑሌጃውንም ይወረውራል።