አዲስ የካፌ ሠራተኛ ስታሠለጥኑ

በመጀመሪያው ቀን ማሽን ላይ አታቁሙት። መጀመሪያ ትዕዛዝ መቀበል ይልመድ፦ መጠኑን፣ የወተቱን ዓይነት፣ እዚህ ይጠጣ ወይም ይዞ ይሂድ ጠይቆ፣ የታዘዘውን ለደንበኛው መልሶ ይናገር። ቡና ተመላሽ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ በሚፈጠር ስህተት ነው።

ለወተት አረፋ ልምምድ ወተት አታባክኑ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፤ አረፋው ከወተት ይመሳሰላል (መቅመስ የለም!)። የእንፋሎት ቱቦው ጫፍ ፈሳሹን ነካ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ አየር ያስገባ፣ ከዚያ ጠለቅ ብሎ ያሽከርክር። ሲጨርስ ጆጉንም ቱቦውንም በደንብ ያለቅልቅ።

ወደ ወተት ሲሻገር ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያቁም፤ ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ የተቃጠለ ይሸታል። ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንፋሎት ይልቀቅበት፣ ወተት ከደረቀበት ቀዳዳው ይደፈናል።