የወንዝ ዳር ትንሽ ከተማ ለኑሮ ትመቻለች? እንዴት እንደሚመዘን

ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ቶሎ ልብ ትሰርቃለች። ነፋሻ አየር፣ የውሃ ድምፅ፣ ግርግር የሌለበት መንገድ። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው የሚያያት በደህና ቀኗ ነው። በእረፍት ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሄዶ «እዚህማ እኖራለሁ» ይላል። እኔ ግን ከተማዋን በክፉ ቀኗ መዝኗት ነው የምለው።

1. አየሩን ወር በወር እዩ

የአንድ ቦታ የአየር ጠባይ የሚለካው በ30 ዓመት መረጃ ነው። አሁን በዓለም ደረጃ የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ይህን ከአገሪቱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ስታገኙ የዓመቱን አማካይ ዝለሉትና ወራቱን ተመልከቱ። አማካያቸው እኩል የሆነ ሁለት ከተሞች፣ አንዱ ዓመቱን ሙሉ ልከኛ፣ ሌላው ግማሹን ዓመት የሚያቃጥል ግማሹን የሚያንዘፈዝፍ ሊሆን ይችላል።

ሸለቆ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ በተዳፋቱ ወርዶ ወንዙ ዳር ይተኛል። ስለዚህ ታችኛው ሰፈር ከላይኛው ሊበርድ ይችላል። ጭጋጉም ቶሎ አይገፈፍም፤ ጭሱም እዚያው ታፍኖ ይውላል። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁለቱንም ሰፈር በእግር ዙሩ። ልዩነቱን ቆዳችሁ ይነግራችኋል። ሞቃት አገር ከሆነ ሲመሻሽ ድገሙት፤ ወበቁም ትንኙም የሚታወቀው ያኔ ነው።

2. ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ እወቁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል፤ ቤታችሁ የቆመበት ቦታ ግን አይነሳም።

በመጀመሪያ የጎርፍ ካርታ ካለ ፈልጉ። «በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» የሚል ታገኙ ይሆናል። ይህ ማለት አንዴ ከመጣ 100 ዓመት ያሳርፋል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው። 30 ዓመት ብትኖሩበት ቢያንስ አንዴ የመግጠም ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ይደርሳል። ለቤት ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ካርታም ሁሉን አያውቅም። ጀርመን ውስጥ በአር ወንዝ ሸለቆ በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጎርፍ ከ130 በላይ ሰው ገድሏል። በ1804 እና በ1910 እዚያው ሸለቆ ከባድ ጎርፍ ነበር። ነገር ግን የአደጋ ካርታው የተሠራው ልኬት ከተጀመረበት ከ1947 ወዲህ ባለው መረጃ ስለነበር ያ ታሪክ አልገባበትም። የዚያው አገር ከተማ ፓሳው ደግሞ የየዘመኑን ጎርፍ ከፍታ በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ ምልክት እያደረገች ኖራለች። በ2013 እ.ኤ.አ. ውሃው 12.89 ሜትር ሲደርስ ከ1501 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። እናንተም በምታዩት ከተማ እንዲህ ያለ ምልክት ድልድይ፣ የእምነት ቤት ወይም አሮጌ ግድግዳ ላይ ፈልጉ።

ምልክት ባይኖርም ውሃ አሻራውን ትቶ ይሄዳል። ወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች ቀና ብላችሁ እዩ። ከራሳችሁ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሳርና የፕላስቲክ ቅዳጅ ተጠላልፎ ካያችሁ፣ ውሃው እዚያ ደርሶ ነበር። ቤቶቹን ከጓሮ በኩል ተመልከቷቸው። የጎረቤታሞች ግድግዳ ሁሉ ቀለሙ በአንድ ልክ ከተላጠ፣ ወይም ሶኬቶቹ ደረት ድረስ ከፍ ተደርገው ከተተከሉ፣ ምክንያቱን ጠይቁ። ደላላውን ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ ያረጁትን ሰዎች። «ውሃ ይገባል ወይ?» ብትሏቸው «አይ» ሊሏችሁ ይችላሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ የገባው መቼ ነው? የት ደረሰ?» በሏቸው፤ ያኔ ይዘረዝሩላችኋል።

ሰማዩ ጥርት ብሎም ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ሊሆን ይችላልና። ከከተማዋ በላይ ግድብ ካለ ማስጠንቀቂያው እንዴት እንደሚደርስ ጠይቁ። 15 ሳንቲሜትር ፈጣን ውሃ ሰውን ይጥላል፤ 30 ሳንቲሜትሩ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል።

3. መዝናኛውን በተራ ቀን ሞክሩ

ወንዝ አለ ማለት መዝናኛ አለ ማለት አይደለም። ዳርቻው በግል አጥር ተይዞ ከሆነ ውሃውን ከድልድይ ላይ ብቻ ነው የምታዩት። ሕዝብ የሚገባበት በር የት እንደሆነ፣ የእግር መንገዱ ከሙላት በኋላ የሚጠገን መሆኑን፣ ልጆችና አረጋውያን የሚደርሱበት መሆኑን እዩ። ሥራ ቀን ከሰዓት ሂዱ። ማንም ከሌለ ለምን?

ደግሞ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በወንዙ ወርድ የተሠራች አጭር ግድብ ካለች ከሥሯ እንዳትዋኙ። ከላይ ሲያዩዋት ምንም አትመስልም፤ ከታች ግን ውሃው ወደ ኋላ እየተጠቀለለ ሰውን ደጋግሞ ያሰምጣል። ከ15 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ድንገት መግባትም ትንፋሽ ያሳጥራል። በሐሩር አገሮች ቀስ ብሎ በሚፈስ፣ ቀንድ አውጣ በበዛበት ውሃ ብልሃርዚያ ሊኖር ይችላል፤ ጥገኛ ተውሳኩ የሚገባው በቆዳ ስለሆነ እግር መንከርም ይበቃዋል። ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

4. ወንጀልና ድንገተኛ አደጋ

የትንሽ ከተማ ቁጥር ያሳስታል። 3,000 ሰው ባለበት ስርቆት ከ3 ወደ 6 ቢያድግ «በእጥፍ ጨመረ» ይባላል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሳይሆን የአምስት ዓመት ቁጥር ይዛችሁ ለ1,000 ነዋሪ ስንት እንደሚደርስ አስሉ። ጎብኚ የሚበዛበት ከሆነ ቁጥሩ ከእውነታው በላይ የከፋ ሊመስል ይችላል፤ እንግዳው ሕዝብ ነዋሪ ተብሎ አይቆጠርማ።

ከወንጀሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ድልድዩ ነው። ሆስፒታሉ ማዶ ከሆነና ድልድዩ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ወንዙ በሞላ ሌሊት አምቡላንስ በየት ይመጣል? ሌላውን መንገድ በመኪና ሄዳችሁ ጊዜውን ያዙ።

5. ነጥቡን አትደምሩ

ብዙ ሰው ለአየሩ፣ ለመዝናኛውና ለደህንነቱ ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል። እኔ አልስማማም። ግሩም መዝናኛ ውሃ የሚገባበትን ቤት አያካክስም። ውሃው ቤቱ የሚደርስ ከሆነ ሌላውን አታስሉ፤ ከፍ ያለ ሰፈር ፈልጉ። ቤቱ ይህን ፈተና ካለፈ ግን አየሩንና መዝናኛውን እንደ ቤተሰባችሁ ፍላጎት አመዛዝኑ። አስም ላለበት ሰው ጭጋጉና ጭሱ ይቀድማል፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ልጆቹን ከውሃው የሚከልል የዳርቻ አጥር።

ከመግዛታችሁ በፊት ተከራዩ። ኪራዩ የሚጀምረው ደግሞ ዝናቡ ሊገባ ሲል ይሁን።